አባባ፣ ሳጥኑን ይተዉት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። በጽሑፍ ያደረግሁት ይመጣል ስለተባለው ማዕበልና ስለ ዝናቡ ባነሳሁ ቁጥር ወሬውን ወደ ልጆቹ ስለሚመልሱብኝ ነው፤ ስለዚህ የልጆቹን አስቀድሜ ልጨርስ። ትልቋ ፈተናዋን በጥሩ ውጤት አልፋለች። ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል፤ አያቴ ይስቁብኛል ብሎ በስልክ አላናግርም ብሏል። ሌላውን በአካል ስንገናኝ ይሰሙታል።

ትናንት «ማዕበሉ ተዳክሟል፣ ደረጃውም ወርዷል ተብሏል፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አሉኝ። አባባ፣ የወረደው የነፋሱ ደረጃ ነው። ለሄሪኬን፣ ከባሕር ለሚነሣው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ የሚሰጠው ከ1 እስከ 5 ያለው ደረጃ የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ይለካል እንጂ ደመናው ስለተሸከመው ውሃ የሚናገረው ነገር የለም። እንዲያውም ጉዞው የዘገመ ማዕበል ያንኑ ስፍራ ደጋግሞ ስለሚመታ፣ ከፈጣኑ ይልቅ ብዙ ዝናብ ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካዋን ከተማ ሂውስተንን ያጥለቀለቃት አሊሰን ሄሪኬን ለመባል እንኳ ያልበቃ ትሮፒካል ማዕበል ነበር። በ1998 ሚች የተባለው ሄሪኬን በመካከለኛው አሜሪካ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ሲጨርስ፣ አብዛኛው ያለቀው ነፋሱ ከደከመ በኋላ በወረደው ዝናብ፣ በጎርፍና በመሬት መንሸራተት ነው። በ2017 ደግሞ ሃርቪ ቴክሳስ ላይ ለቀናት ሳይነቃነቅ ቆይቶ በአንዳንድ ስፍራ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ አዝንቧል፤ ይህ ሳይፈስና ሳይሰርግ ባለበት ቢቆም ኖሮ እርስዎን እስከ ትከሻዎ የሚያደርስ ውሃ ነው።

«ባሕሩ ከእኛ ሩቅ ነው» እንደሚሉኝም አውቃለሁ። በ2024 ሄሊን ወደ የብስ የገባው በፍሎሪዳ በኩል ሲሆን፣ ከሁሉም የበዛ ሰው የሞተው ግን ከዚያ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በሰሜን ካሮላይና ነው። ተራራ እርጥቡን አየር ወደ ላይ እየገፋ ዝናቡን ያበዛዋል፤ የወረደውንም ጠባቡ ሸለቆ ይሰበስበዋል። የእኛ ቤት ከተራራው ግርጌ፣ ከወንዙ አፋፍ መሆኑን ለእርስዎ መንገር አይጠበቅብኝም።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን «ሲመጣ አይቼ እወጣለሁ» ማለትዎ ነው። ደራሽ ጎርፍ ዝናቡ ከጀመረ 6 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል፤ እርስዎ ደጃፍ ላይ ጠብታ ሳይወርድም ከላይ የዘነበው ሊመጣ ይችላል። መሬቱ በሰሞኑ ዝናብ ጠግቧልና ከእንግዲህ የሚወርደውን አይቀበልም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለውን ከእርስዎ አይደል እንዴ የተማርነው? 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ከቁርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ የሚል ፈጣን ጎርፍ ጎልማሳ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ትልልቆቹንም ይዞ ይሄዳል።

ስለዚያ ሌሊት ተነጋግረን አናውቅም። እማዬ ከመሸ ጀምሮ እንውጣ ስትል፣ እርስዎ «ይህን ወንዝ አብሬው ነው ያደግሁት» አሉ። ውሃው በበሩ ሥር ገለባና የማን እንደሆነ ያላወቅነውን አንድ የሕፃን ጫማ ይዞ ሲገባ አይተናል። ከዚያ ወንድሜን ግንቡ ላይ አስቀምጠው፣ እኔን «ያዢው» ብለው፣ ለሳጥኑ ተመለሱ። ሳጥኑ ዳነ፤ ሰነዶቹ ላይ የጭቃው መስመር እስከ ዛሬ አለ። ሰው ሁሉ ጀግንነትዎን ሲያወራ እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ። በሳጥኑ ውስጥ የነበረው የቤቱ ሰነድ ባይተርፍ ኖሮ የምናድግበት ጣሪያ እንደማይኖረን አውቃለሁ፤ ስለዚህም አመሰግንዎታለሁ። ነገር ግን የወንድሜ ክንድ ከእጄ ሲያዳልጥ፣ እርስዎ በጨለማው ውስጥ ነበሩ። ከሳጥኑና ከእኛ የቱ እንደሚበልጥብዎ ሳልጠይቅ አደግሁ፤ አሁንም መልሱን አልፈልገውም። የምፈልገው እንዳይደግሙት ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ጉልበት ነበረዎት። ባለፈው ስመጣ ከደረጃው ሲወርዱ ግድግዳውን እንደሚደግፉ አይቻለሁ፤ ያየሁ እንዳይመስልዎት ፊቴን ወደ ግቢው አዞርሁ። ዝናቡ ተነገ ወዲያ ሌሊት ይጀምራል ተብሏል፤ እርስዎ በሌሊት ውሃ ውስጥ የሚቆሙ ሰው አይደሉም። ይህን መጻፍ እንዴት እንደከበደኝ እግዚአብሔር ያውቃል።

ወንድሜ ነገ ከቀትር በፊት መኪና ይዞ ይመጣል። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ከነማዘዣው፣ መነጽርዎንና የስልክ ቻርጀሩን በላስቲክ ጠቅልለው ያዘጋጁ። የቤቱን ሰነድ ብቻ ከሳጥኑ አውጥተው ይያዙ፤ ሌላውን ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፤ ሳጥኑ ራሱ ቁም ሣጥኑ ላይ ይቀመጥ። ሲወጡ ዋናውን የመብራት ማጥፊያ ያጥፉ፤ ወለሉ ከረጠበ ግን አይንኩት። በድልድዩ በኩል አትሂዱ፤ ረጅም ቢሆንም በላይኛው መንገድ ይሻላል፤ ውሃ የሸፈነው መንገድ ከሥሩ ተቦርቡሮ ይሁን አይሁን ከላይ አይታወቅም። ዝናቡ አባራ ብለውም ለመመለስ አይቸኩሉ፤ ወንዙ የሚሞላው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ወንድሜን «ቡና ጠጣና እንሄዳለን» እያሉ እንዳያቆዩት አደራ፤ እሱ እርስዎን እምቢ ማለት እስካሁን አልቻለበትም። መኪናው ውስጥ እንደገቡ ራስዎ ይደውሉልኝ፤ ከእሱ አፍ መስማት አልፈልግም።

አክባሪ ልጅዎ