ለአንጎል ኢንዶስኮፕ መለማመጃና መጠገኛ ወርክሾፕ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የአምስት ኪሎ፣ የስድስት ኪሎና የፒያሳ ነዋሪዎች፣ ከፒያሳ ተነሥታችሁ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወራችሁ ጎረቤቶቻችንና በውጭ አገር የምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፤

በጭንቅላታቸው ውስጥ ውኃ የተጠራቀመባቸው ሕፃናት የተለመደው ሕክምናቸው ሸንት የሚባል፣ ከቆዳ ሥር አልፎ ፈሳሹን ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ነው። ሸንት ሕይወት ያተርፋል፤ ሆኖም ሊደፈን ወይም ኢንፌክሽን ሊያስከትል ስለሚችል፣ ከሩቅ ገጠር የመጣች እናት ልጇ እንደገና ማስመለስና መፍዘዝ ሲጀምር ሳይውል ሳያድር የአንጎል ቀዶ ሐኪም ማግኘት አለባት።

ሌላው አማራጭ በራስ ቅል ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ኢንዶስኮፕ (ብርሃንና ካሜራ የተገጠመለት ቀጭን መመልከቻ) አስገብቶ፣ በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ ከሚይዙት ክፍተቶች የሦስተኛውን ወለል በመብሳት ለፈሳሹ ሌላ መውጫ መክፈት ነው። አሜሪካዊው የሕፃናት አንጎል ቀዶ ሐኪም ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ ይህንን ሥራ ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሕብረ ሕዋስ በሙቀት ከመተኮስ ጋር አጣምረው፣ ብዙ ሕፃናት ያለ ሸንት መኖር እንደሚችሉ አሳይተዋል። ዘዴው ለሁሉም ሕፃን አይሠራም። በተጨማሪም ከሚበሳው ወለል ሥር ባዚላር የሚባለው ትልቅ የደም ቧንቧ ስለሚያልፍ፣ ማንም ሐኪም የመጀመሪያ ልምምዱን በሕፃን ላይ ማድረግ የለበትም ብለን እናምናለን።

በዚህ ምክንያት የባዮሜዲካል መሐንዲሶች፣ ቴክኒሻኖችና ሐኪሞች ሆነን በአምስት ኪሎ የጋራ ወርክሾፕ ለመክፈት ተነሥተናል። በመጀመሪያ የምንሠራው ውኃ የሚዘዋወርበት የሲሊኮን አንጎል ነው፤ ወለሉ ከተበሳ በኋላ በአዲስ ይተካል፣ የደም ቧንቧው ሲነካ ደግሞ ቀይ ቀለም ያፈስሳል። ጎን ለጎን የኢንዶስኮፕ ካሜራዎችንና የብርሃን ገመዶችን እንጠግናለን፤ በእርዳታ የመጣ ውድ መሣሪያ በአንድ ገመድ መበላሸት መጋዘን ሲገባ ማየት ሰልችቶናል።

አንጎል ውስጥ የሚቀበሩ ኤሌክትሮዶችን (የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነቡ ወይም የሚልኩ ቀጫጭን መሣሪያዎችን) መሥራት ብንመኝም የምትሰጡን ገንዘብ ለዚያ አይውልም፤ የሠራነው ማንኛውም መሣሪያም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይፈቅድ ታካሚ አይነካም።

ለመናገር ደስ ባይልም ትልቁ ወጪያችን የቤት ኪራይ ነው፤ ቀጥሎ ስሪ ዲ ፕሪንተርና ሲሊኮን ይመጣሉ። ከ100 ብር ጀምሮ ያላችሁን በየዕድራችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል በደረሰኝ እንድትሰጡ በአክብሮት እንጠይቃለን። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ሲሆን፣ የወጪ ዝርዝሩ በየሦስት ወሩ ለዕድሮቹ ይቀርባል። ያገለገለ ሞኒተር፣ የተበላሸ ካሜራ ወይም ባዶ ክፍል ያላችሁም ለገንዘብ ያዡ ብትነግሩ ራሳችን መጥተን እናያለን።