ሊቶሪና ፉርጎ አይደለችም

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ድሬዳዋ የድሮ ባቡር ያወጣችሁትን ጽሑፍ በርጫ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ጮክ ብለን አነበብነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ከፎቶው ሥር ያለችው አንዲት መስመር ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስታጨቃጭቀን ዋለች። «የባቡር ፉርጎ» ትላለች። አቦ! ፎቶው ላይ ያለችው እኮ ሊቶሪና ናት።

ፉርጎ ጎታች ይፈልጋል። ሊቶሪና ሞተሯንም መንገደኛዋንም አንድ ላይ ይዛ በራሷ የምትሄድ ናት። በሁለቱም ጫፍ የነጂ ቦታ ስላላት መጨረሻው ጣቢያ ላይ ዙሪ አትባልም፤ ነጂው ወደ ሌላው ጫፍ ተሻግሮ ይቀመጣል፣ አለቀ። ስሟ የመጣው በሙሶሊኒ ዘመን ከተቆረቆረችው ሊቶሪያ ከምትባል የጣሊያን ከተማ ነው። ከተማዋ ስሟን ቀይራ ዛሬ ላቲና ትባላለች። የኛዋ እስከ ዛሬ ሊቶሪና ናት።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። 31 ዓመት ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ቆሜያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ትንንሽ ባቡር እሰበስባለሁ፣ እነዳለሁ። የልጅ መጫወቻ ነው የሚሉኝ አሉ። የልጅ ልጄ እንድትነካው አልፈቅድላትም፤ እንዴት የልጅ ይሆናል?

የመጀመሪያዋን ቦስተን የምትኖረው ልጄ ናት ያመጣችልኝ። ለታኅሣሥ ቁልቢ ስትመጣ በጋቢ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተቻት። የፊላደልፊያው ቡድ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው አር ዲ ሲ የሚባል የመንገደኛ ባቡር ሞዴል ናት፤ የአሜሪካን ሊቶሪና በሉት። እውነተኛዋ ገላዋ የማይዝግ ብረት ነው። ከወለሏ ሥር እያንዳንዳቸው 275 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ዲዝል ሞተሮች ነበሯት። ጣሪያዋ ላይ ግመል የሚያስመስላት ጉብታ አለ፤ የራዲያተሮቹ ቤት ነው። ቦስተን አካባቢ ሠራተኛው ጠዋት ከተማ የሚገባው ማታም ቤቱ የሚመለሰው በእነሱ ነበር። ቦስተንና ሜይን የሚባለው የባቡር ድርጅት ብቻ ከ100 በላይ ነበሩት።

እውነተኛዋ 26 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። የኔዋ 87 ጊዜ አንሳ 30 ሴንቲ ሜትር ሆናለች። በ12 ቮልት ነው የምትሠራው። መብራት ሲጠፋ እንዳልቸገር የጎረቤቴ ልጅ የደከመ የባጃጅ ባትሪውን ሰጠኝ። ባጃጅ ማስነሳት ያቃተው ባትሪ እሷን ከምሳ እስከ ማታ ያስኬዳታል። የሚሞክር ካለ ፊውዝ አይርሳ። እኔ ረስቼ በረንዳዬ ላይ ሽቦ ቀልጦብኛል።

የድሬ አቧራ ደግሞ አለ። አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጌቲቭ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሩ የሚገባው በብረት ጎማዎቹ በኩል ነው። ጠዋት ጠዋት ሐዲዱን በአልኮልና በአሮጌ ካናቴራ ካልወለወልኩት ሁለት ሜትር ሳትሄድ ቀጥ ትላለች።

ትልቁ ጣጣ ግን ኩርባው ነው። በረንዳዬ ጠባብ ስለሆነ ከመሃል እስከ ሐዲዱ 46 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያለው ኩርባ ዘረጋሁ። ረጅም ናትና ስትታጠፍ ወገቧ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቿ ወደ ውጭ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወጣሉ። እኔ ይህን ሳላሰላ ከቆርቆሮ የሠራሁትን የውሃ ታንከር ሐዲዱ ሥር ተከልኩት። በመጀመሪያው ዙር ጠርጋ ከበረንዳ ጣለችው። 31 ዓመት ባቡር ቤት የሠራ ሰው ይህን ይረሳል? ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ውሃ አቀብሉኝ ስላቸው «ታንከሩ ወድቋል» ይሉኛል።

ሁለተኛዋን ራሴ ሠራኋት። የኛዋን ሊቶሪና ማለቴ ነው። ገላዋ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው፤ መስኮቷ የሸሚዝ ማሸጊያ ላስቲክ፣ ሞተሯ ከተበላሸ ቴፕ የወጣ። ሠርቼ ጨርሼ ሐዲድ ላይ ሳስቀምጣት አንዱ ጓደኛዬ፣ የድሮ የሐዲድ ሠራተኛ ነው፣ ማስመሪያ አወጣ። «ይሄ የኛ ሐዲድ አይደለም» አለ። እውነቱን ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው የዚህ ልክ ሞዴል ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 ሲባዛ 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲ ይሆናል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋት ማለት ነው። የድሮው የኛ ሐዲድ ልክ 1 ሜትር ነበር። በሞዴል 11.5 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት፤ ለእሱ የሚቀርበው የሚሸጥ ሐዲድ 12 ነው። ስለዚህ ሊቶሪናዬ ቆማ በማታውቅበት ጣቢያ፣ በማታውቀው መስመር ላይ እየሮጠች ነው። ለልጄ 12ቱን ላኪልኝ ብያታለሁ። ከዚያ ጎማዎቿን አጥብቤ እንደገና እሠራለሁ፤ ቶርኖ የሚያውሰኝ ሰው አለ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። እርማት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ከእርማቱ ይልቅ ግን ያንን ፎቶ በትልቁ አትማችሁ ብትልኩልኝ ይሻለኛል። በሩ አጠገብ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሟል። የአንድ ሰው ቁመት ካገኘሁ የበሩን፣ የመስኮቱንና የጣሪያውን ከፍታ ከእሱ አወጣለሁ። እስካሁን የሠራሁት በትዝታ ነው፤ በትዝታ ደግሞ አራታችን አራት ዓይነት ሊቶሪና ነው የምናስታውሰው። በቀለሟ ጉዳይ እንኳ ገና አልተስማማንም። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ያንን በርጫ ላይ እንጨርሰዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው የቶርኖ ሠራተኛ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ