ሳይናገሩ ማሳቅ፦ የቴአትር ክበባችን የዘንድሮ ሥራ

የቴአትር ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ተዋናይ ሕይወትና ሙያ ላይ ነው። ሮዋን አትኪንሰን የሚለው ስም ለአብዛኞቹ አባላት እንግዳ ነበር፤ ሚስተር ቢን ሲባል ግን የማያውቀው አልተገኘም። ብዙ ጭውውት በጥቂት ልምምድ ከማቅረብ የአንድን ሰው ሥራ ከሥር መሠረቱ ማጥናት ይሻላል ብዬ ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በተማሪዎች መድረክ ላይ የሚቀርብ ኮሜዲ ብዙውን ጊዜ ሳቅ የሚያገኘው የሰው አነጋገር በመኮረጅ፣ አካሄድ በማስመሰል፣ መልክና ቁመት እያነሱ በመዘርጠጥ ነው። አዳራሹ ይስቃል፤ ከታዳሚው መካከል ግን አንገቱን የሚደፋ ልጅ አይጠፋም። ማንንም ሳይነኩ ማሳቅ ይቻላል ወይ? የሚቻል ከሆነስ ምን ያህል ሥራ ይጠይቃል? የዓመቱ ጥያቄያችን ይህ ነበር።

አትኪንሰን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1955 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኮንሴት በምትባል ከተማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባላቱን ከሁሉ በላይ ያስገረማቸው የተማረው ትምህርት ነው። በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሮ ተመረቀ፤ ከዚያም ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ በዚያው ሙያ የማስተርስ ዲግሪውን ሠራ። የመመረቂያ ጽሑፉ ራሱን በራሱ ስለሚያስተካክል የቁጥጥር ሥርዓት ነበር። ይህን እዚህ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በሒሳብና በፊዚክስ ጎበዝ የሆኑ ልጆች ቴአትር የእነሱ ቦታ እንዳልሆነ እየተነገራቸው ከክበባችን ይርቃሉ። ይህ ታሪክ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ከተነበበ በኋላ እንዲህ ካሉት ተማሪዎች የተወሰኑት መጥተው ተመዘገቡ፤ ምን ያህል እንደጠቀሙን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኦክስፎርድ እያለ ከጸሐፊው ሪቻርድ ከርቲስና ከሙዚቃ ደራሲው ሃዋርድ ጉዶል ጋር ተዋወቀ። ሁለቱም ለብዙ ዓመታት አብረውት ሠርተዋል። በዚያው ጊዜ ለአንድ የመድረክ ዝግጅት የሚያቀርበው ነገር ቸግሮት መስታወት ፊት ቆሞ ፊቱን ሲያጨማድድና ሲዘረጋ፣ ኋላ ቢን የሚሆነው ያ የማይናገር እንግዳ ሰው ብቅ እንዳለ ራሱ ተናግሯል። እኛም የመጀመሪያውን ወር ልምምድ በመስታወት አደረግነው። ቅንድብን ብቻ ማንሳት፣ ከንፈርን ብቻ ማንቀሳቀስ፣ ዓይንን ወደ ጎን ወስዶ አንገትን አለማዞር። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ፊታችን ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ማንቀሳቀስ ስለለመደ አንዱን ከሌላው መለየት ላብ የሚያስወጣ ሥራ ሆኖ አገኘነው።

ስለ ሰውየው ያነበብነው ሌላው ነገር የአነጋገር ችግሩ ነው። አትኪንሰን ይንተባተባል፤ በተለይ አንዳንድ ፊደላት ይከብዱታል። ገጸ ባሕርይ ተላብሶ ሲጫወት ግን ችግሩ እንደሚለቀው ራሱ ገልጿል። በዚያ ዕለት ውይይታችን ረዘመ። መናገር የሚከብዳቸው ልጆች በየክፍሉ አሉ፤ ብዙዎቹም እጃቸውን ሳያወጡ ዓመቱን ይጨርሳሉ። ከዚያ ወዲህ በልምምድ ላይ አንድ ሰው ቃል ቢይዘው ሌላው እንዳይጨርስለት፣ ቆሞ እንዲጠብቀው ተስማምተናል። ደንቡን ያወጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም አክብረውታል።

በቴሌቪዥን ስሙ የታወቀው በ1979 በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ በጀመረው «ኖት ዘ ናይን ኦክሎክ ኒውስ» ነው። ዝግጅቱ በዋናው ጣቢያ የማታው ዜና በሚነበብበት ሰዓት ይተላለፍ የነበረ፣ በአጫጭር ጭውውቶች የተሞላ ፕሮግራም ነበር፤ እስከ 1982 ቆይቷል። አትኪንሰን በዚህ ሥራው የብሪታንያን የቴሌቪዥን ሽልማት ባፍታን አግኝቷል። ከዚያ የመጣው «ብላክአደር» ከ1983 እስከ 1989 በአራት ዙር የቀረበ ሲሆን ከሚስተር ቢን ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ሳቁ ያለው ከምላሱ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ለእኛ ስለሚከብድ ብዙ አልቆየንበትም።

ከመድረክ ሥራዎቹ መካከል ግን ስም የሚጠራው መምህር ስቦናል። አንድ ደረቅ መምህር የክፍሉን ስም ዝርዝር ይዞ ይጠራል፤ ሌላ ምንም ነገር አይከሰትም። ሳቁ ያለው በስሞቹ ላይ ስለሆነ በእኛ ቋንቋ አይሠራም። የ11ኛ ክፍል አባላት ግን ስሞቹን ተራ ስሞች አድርገው ሞከሩት። ያኔ የቀረው የመምህሩ ፊት ነበር፦ በአንዱ ስምና በሚቀጥለው መካከል ያለው ዝምታ፣ ቀና ብሎ ማየቱ፣ ተመልሶ ወረቀቱ ላይ ማቀርቀሩ። ታዳሚው በዝምታው ሳቀ። ለክበባችን በር የከፈተልን ይህ ነው።

አትኪንሰንም ይህንኑ በር የፈለገ ይመስለኛል። በ1987 በካናዳ ሞንትሪያል የኮሜዲ ፌስቲቫል ላይ ሲጋበዝ፣ በእንግሊዝኛው መርሐ ግብር ሳይሆን በፈረንሳይኛው ላይ ካልቀረብኩ አለ። አዘጋጆቹ ግራ ተጋቡ። እሱ የፈለገው ግን የማይናገረው ሰውዬ ቋንቋውን በማያውቅ ሕዝብ ፊት ያስቅ እንደሆነ መፈተን ነበር። አንድ መሐንዲስ የሠራውን መሣሪያ ወደ ገበያ ከማውጣቱ በፊት በአስቸጋሪው ሁኔታ እንደሚፈትነው መሆኑ ነው። የዚህን ሰው ሙያ አንድ ነገር ብቻ አንስተህ ግለጽ ብባል የምጠቅሰው ይህን ውሳኔ ነው። በሚታወቅበት ቋንቋ ቀርቦ ጭብጨባውን መውሰድ ይችል ነበርና።

የሚስተር ቢን የመጀመሪያ ክፍል በጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ተላለፈ። ይህን ክፍል፣ በተለይ የፈተናውን ትዕይንት፣ እያቆምን ደጋግመን አይተነዋል። ቢን ለትሪጎኖሜትሪ ተዘጋጅቶ ፈተና ይቀመጣል። እስክሪብቶዎቹን በጥንቃቄ ይደረድራል። ፖስታውን ሲከፍት የሚያገኘው አረንጓዴ ወረቀት ግን ካልኩለስ ነው። ከአጠገቡ ካለው ተፈታኝ ለመኮረጅ የማያደርገው ነገር የለም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ፈታኙ ስለ ወረቀቶቹ ሲናገር፣ ነጩ የትሪጎኖሜትሪ ወረቀት እዚያው ፖስታው ውስጥ እንደነበረ ያያል።

ትዕይንቱ ለምን ያስቃል ብለን ስንከራከር የደረስንበት ነገር ቢን ራሱ አንዴም እንደማይስቅ ነው። ለእሱ ነገሩ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ሊያስቀን እየሞከረ ነው ብለን የምንጠረጥርበት አንዲት ቅጽበት እንኳ አይሰጠንም። ተማሪዎቻችን ደግሞ ዋናው ችግራቸው በትክክል ይህ ነበር፤ አንድ ነገር ሠርተው ወዲያው ወደ ታዳሚው ያያሉ፣ ሳቁ መጣ አልመጣ እያሉ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በዚህ መሐል ጠንካራ ተቃውሞ አነሳች። ቢን ማንንም አይጎዳም ማለት ልክ አይደለም፤ ራስ ወዳድ ነው፣ ይኮርጃል፣ ያቺን ባለ ሦስት ጎማ ሰማያዊ መኪናም ደጋግሞ ከመንገድ ያስወጣታል አለች። እውነቷን ነው። አትኪንሰን ራሱ ቢንን በትልቅ ሰው አካል ውስጥ ያለ ልጅ ሲል ነው የሚገልጸው፤ ልጅ ደግሞ ራስ ወዳድ ነው። እኔ የምለየው እዚህ ላይ ነው፦ ቢን ክፉ ሲሠራ እንድንስቅ የተፈለገው በእሱ ክፋት እንጂ በተጎጂው መልክ፣ አነጋገር ወይም ጉድለት አይደለም። ተማሪዋ በመልሴ ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም፤ ክርክሩም እስከ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አብሮን ዘልቋል።

የራሳችን ሥራ «የሚያቃጭለው ወንበር» ይባላል። አንድ ተማሪ ጸጥታ በሰፈነበት የንባብ ክፍል ውስጥ አርፍዶ ይገባል። የቀረው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ ሲነካ ያቃጭላል። ልጁ ሌሎቹን ላለመረበሽ በጎን፣ በቀስታ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ለመቀመጥ ይሞክራል። አንድም ቃል የለም። ድምፁን የምታወጣው ከመጋረጃው ጀርባ አሮጌ የበር ማጠፊያ የያዘች ተማሪ ነበረች። እሷና ተዋናዩ በአንድ ትንፋሽ ካልሄዱ ነገሩ ይበላሻል፤ ድምፁ ትንሽ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ሳቁ ይሞታል። ከፊዚክስ ክፍል የመጡት አዲስ አባላት የጠቀሙን እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በደብተር መዝግበው፣ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ ለአፍታ የሚቆይበትን ጊዜ በቁጥር ወሰኑ። ነጻነታችንን ይገድባል ብለው የፈሩ ነበሩ። ተዋናዩ ግን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማሰብ ስላቆመ ስለ ወንበሩ ብቻ ማሰብ ቻለ፤ ወደ ታዳሚው ማየቱንም ያኔ ተወ።

ከክበባችን አባላት አንዷ መስማት የተሳናት ናት። ልምምዱ ተጠናቀቀ ባልንበት ሰዓት እጇን አውጥታ በምልክት ቋንቋ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ ወንበሩ እንዳቃጨለ እኔ በምን አውቃለሁ? ለረጅም ጊዜ ማንም መልስ አልሰጠም። ጭውውታችን ቃል የለውም እንጂ በጆሮ ላይ የተመሠረተ ነበርና። መልሱን ያገኘችውም ራሷ ናት። መድረኩ ላይ አራት አንባቢዎች ይቀመጡ፤ ወንበሩ ባቃጨለ ቁጥር ራሳቸውን ከመጽሐፋቸው ቀና ያድርጉ፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሁለቱ፣ ከዚያ አራቱም፤ ድምፁ በፊታቸው ላይ ይታይ። እንዳለችው አደረግን። ሥራው ከቀድሞው በብዙ እጥፍ ተሻሻለ፤ ምክንያቱም ለሚሰማውም ሰው ቢሆን ከማቃጨሉ ይልቅ የሚያስቀው ቀና የሚሉት ፊቶች ሆነው ተገኙ። በወላጆች ቀን ሲቀርብ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ትንንሾቹም አያቶቹም የሳቁት በአንድ ቦታ ላይ፣ አራቱም ራሶች በአንድነት ቀና ሲሉ ነበር። የአንባቢዎቹን ትዕይንት የማስተካከሉን ሥራ ከዚያ በኋላ ያቺው ተማሪ መርታዋለች። የዓመቱ ትልቁ ሥራችን የእሷ ነው ብዬ እዚህ መጻፍ እፈልጋለሁ።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የአትኪንሰንን ቀሪ ሥራዎች ቶሎ ቶሎ አይተናል፦ የ1997ቱን የሚስተር ቢን ፊልም፣ ከ2003 ጀምሮ የመጡትን የጆኒ ኢንግሊሽ ፊልሞች። የ2012 የለንደን ኦሊምፒክ መክፈቻን ግን ሁሉም አባላት ደግመን እንየው አሉ። ከታላቁ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ተቀምጦ በኪቦርድ ላይ አንዲት ቁልፍ ብቻ ደጋግሞ ይመታል፤ ሌላው ሁሉ ሙዚቀኛ በትጋት ሲጫወት እሱ ይሰለቻል፣ መሐረብ ሲፈልግ ጣቱን የሚተካለት ጃንጥላው ይሆናል። ከመስታወቱ ልምምድ ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ የደከምንበት ነገር በሙሉ እዚያ አለ።

ተማሪዎቹን ያስደነቀ አንድ ቁጥርም አለ። ይህን ሁሉ ዝና ያመጣው የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ተከታታይ በአጠቃላይ 15 ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ የተሠሩትም ከ1990 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ነው። በየሳምንቱ አዲስ ጭውውት እናቅርብ የሚሉ አባላት ነበሩን። ይህን ካወቁ በኋላ ጥያቄው አልተነሳም።

ለሚመጣው ዓመት የክበቡ አባላት የመረጡት ፈረንሳዊውን የኮሜዲ ፊልም ሠሪና ተዋናይ ዣክ ታቲን ነው፤ አትኪንሰን ቢንን ሲፈጥር ከታቲ ሥራ ብዙ እንደወሰደ ስለሚናገር ከየት እንደመጣ ማየት ፈልገዋል። ቋሚ የልምምድ ክፍል አጥተን ዓመቱን ሙሉ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስንዞር ቆይተናልና አስተዳደሩ ከወዲሁ እንዲያስብበት እጠይቃለሁ። የእንቅስቃሴዎቹ ደብተር በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል፤ ማንም ተማሪ ወስዶ ማየት ይችላል። ምዝገባው በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመራል፤ የመናገር ችሎታ መመዘኛ አይደለም።