95 ሚሊ ሜትር ምን አላት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አዲሱ ቶዮታ ፕራዶ መኪና የጻፋችሁትን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። «ሰፊና ምቹ ነው» ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ ሹፌር ነኝ፤ የምኖረው ሱሉልታ ነው። የመሥሪያ ቤታችንን 250 (አዲሱ ፕራዶ የሚጠራበት ቁጥር ነው) ከያዝኩ አራት ወር ሆነኝ።

የመኪናው ስፋት 1,980 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያውም ስፖኪዮ ሳይቆጠር። የበፊቱ ሞዴል፣ 150 የሚባለው፣ ደግሞ 1,885 ነበር። 95 ሚሊ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዛ ነበር የምለው፣ የግቢዬ በር ላይ ስፖኪዮ አጥፌ በስንት መከራ እስክገባ ድረስ። አሁን ልጄ ከፊት ቆሞ «ና፣ ና፣ ቁም!» ካላለኝ ንቅንቅ አልልም።

ውስጡ አይታማም። የፊት ወንበሩ ንጉሥ ያስቀምጣል። ሁሉን ነገር ስክሪን ውስጥ አለመክተታቸውም ደስ ይላል፤ በጭቃ እጅ የሚጫን እውነተኛ ቁልፍ አለው። የበሩ የታችኛው ክፍል ግን ደረቅ ፕላስቲክ ነው። በዚህ ዋጋ አይመጥንም።

የኋለኛውን ወንበር ነገር ተዉት። ባለፈው እሁድ ዘመድ ጭኜ ጫንጮ ሰርግ ሄድኩ (አለቃዬ ይህን ጋዜጣ እንደማያነብ ተስፋ አለኝ)። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው ረጅሙ የአክስቴ ልጅ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ነበር። እናቴ ደግሞ ነጠላዋን ሰብስባ፣ የበሩን እጀታ ይዛ ቆመችና «ልጄ፣ መሰላል የለውም እንዴ?» አለችኝ። ከታች ደግፌ አወጣኋት።

ሌላ ጊዜ መኪና ስትገመግሙ አንድ ረጅም ሰውና አንዲት እናት ይዛችሁ ሂዱ።

የሱሉልታው ሹፌር