ቄጤማው ገንዳ ውስጥ ምን ይሠራል?

ክቡር አዘጋጅ፦

የበዓል ማግስት ጠዋት ከአንድ ኮንዶሚኒየም የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ቆም ብላችሁ እዩልኝ። ላዩ ቄጤማ ነው። ትናንት በገንዘብ የተገዛ፣ ገና ያልጠወለገ ቄጤማ። ከሥሩ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና አተላ አለ። ሁሉም ከላስቲክና ከዳይፐር ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይታሰራል። ጆንያውን ማዳበሪያ ያልነው የገበሬው ማዳበሪያ ስለሚመጣበት ነው። ዛሬ ግን አፈር የሚያዳብረውን ነገር እዚያው ውስጥ አስረን እንጥላለን። ይሄ ያሳዝነኛል።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መሬት የለኝም፤ ያለኝ አንድ በረንዳ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዘይት የነበረበትን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አናቱን ቆርጬ፣ ጎኑንና ሥሩን በጋለ ምስማር በሳሳሁት። የወጥ ቤት ልጣጬን አበስብሼ የተፈጥሮ ማዳበሪያ (ኮምፖስት) ላደርገው እዚያ ማጠራቀም ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሸተተ። ዝንብ ወረረው። ልጥለው ስል ጎረቤቴ መጡ። ጉራጌ አገር ያደጉ እናት ናቸው። እጃቸውን ጀሪካኑ ውስጥ ከተው አንድ እፍኝ አወጡና ጨመቁት። ውኃው በጣቶቻቸው መሃል ተንጠባጠበ። «ልጄ፣ ይሄ ደረቅ ነገር አጥቶ ነው። ታጥቦ እንደተጨመቀ ጨርቅ ነው መሆን ያለበት» አሉኝ። በእናታቸው ቤት እበቱም፣ አመዱም፣ የቤት ጥራጊውም እንሰቱ ሥር እንጂ ሌላ ቦታ እንደማይደፋ ያን ቀን አጫወቱኝ።

ከዚያ ወዲህ ለአንድ እፍኝ ልጣጭ ሁለት እፍኝ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን እጨምራለሁ። ቄጤማው ሲደርቅ እሱም ይገባል። በሳምንት አንዴ አገላብጠዋለሁ፣ አየር እንዲያገኝ። ሥጋ፣ አጥንት፣ ወጥ፣ ዘይት የነካው ነገር አይገባም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አላስገባም፤ ቶሎ አይበሰብስም። በሦስት አራት ወር ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚል፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንደነካው መሬት የሚሸት ነገር ይወጣል። ከተራ አፈር ጋር ቀላቅዬ ቆስጣ፣ ቃሪያና ጤና አዳም ተክያለሁ። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ የጎመን እጣቢ አጠራቅሜ ነው የማጠጣው። ለማዳበሪያ አንድ ብር አላወጣሁም። ቃሪያ ከገዛሁም ቆየሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ በረንዳዬ ብቻ አይደለም። ጀሪካን ትንሽ ናት፤ አትሞቅም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ፣ ቁመቱም አንድ ሜትር የደረሰ ክምር ግን ከውስጡ በራሱ ይሞቃል። በደንብ ከተሠራ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ቶሎ ይበሰብሳል፣ የአረም ዘርም ይገድላል። ይሄ የአንድ ቤት ሥራ አይደለም፤ የአንድ ብሎክ ሥራ ነው። ስለዚህ የግቢያችንን ኮሚቴ ከሕንጻው ጀርባ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቦታ ለመንኩ። «አይጥ ያመጣል» ተባልኩ። ስጋታቸው ይገባኛል። አይጥ ይበልጥ የሚጠራው ግን ትርፍራፊ እንጀራና አጥንት ነው፤ ያ ካልገባ፣ ክምሩም ከተሸፈነ፣ ከዛሬው ክፍት ገንዳችን የባሰ አይጥ የሚመጣበት ምክንያት አይታየኝም። ከቢሯቸው ፊት ለፊት ደግሞ ጥበቃው በየጠዋቱ ደረቅ ቅጠል ጠርጎ ያቃጥላል። ጭሱን ልጆቻችን ይተነፍሱታል። ለክምሩ የሚያስፈልገው ደረቅ ነገር እኮ እሱ ነው!

የምንጥለው ቆሻሻ የሚሄድበትን ሁላችንም እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የከተማችን የቆሻሻ ተራራ ቆሼ ሲናድ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። እዚያ ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ ከቆሻሻው የዕለት ጉርስ የሚለቅሙ ወገኖች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ተራራ ሥር አየር አጥቶ የሚበሰብስ ልጣጭ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ነው። አገላብጠን አየር የምንሰጠው ክምር ግን ከዚህ ጋዝ የሚያወጣው በጣም ጥቂት ነው። ማዳበሪያ ተሸክመው ደረጃ የሚወርዱትን የጽዳት ማኅበር እናቶችም አስቡልኝ። ጀርባቸውን የሚያጎብጠው ላስቲኩ ሳይሆን ውኃ ያዘለው ልጣጭ ነው።

ወረዳዎችና የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ይህን ካነበቡ ጥያቄዬ አጭር ነው። በየግቢው አንድ ጥግ ፍቀዱልን፤ ቅጠል ማቃጠሉን አስቁሙልን። ማገላበጡን እኛ እንችላለን። በእኛ ብሎክ ስድስት ቤት ልጣጩን ለይቶ ለማውረድ ቃል ገብቷል፤ ጎረቤቴ እናትም እኔ አሳያችኋለሁ ብለዋል። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ጥቁሩን አፈር በሳህን ይዤ እሄዳለሁ። ኮሚቴው በእጁ ይዞ፣ አሽትቶ ይወስን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ አዲስ አበባ