አባዬን ከትዝታሽ ሳዪልኝ

ልጄ፣

ከፎቶ አይተሽ የሳልሽውንና የላክሽልኝን የአያትሽን ሥዕል ደጋግሜ አየሁት። አፍንጫቸው፣ ግንባራቸው፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሳይቀር ልክ ነው። እጅሽ በጣም ተሻሽሏል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ፎቶውን አየሁት እንጂ አባዬን አላገኘኋቸውም።

ካሜራ ፊት ሲቆሙ እኮ ድርቅ ነበር የሚሉት። አንቺ የምታውቂያቸው ሌላ ሰው ናቸው። ስታወሪላቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሚሰሙሽ፣ ከወንበር ሲነሱ ጉልበታቸውን ደገፍ የሚያደርጉት። ይሄ ፎቶው ላይ የለም፣ አንቺ ጋ ነው ያለው።

ስለ ኤድቫርድ ሙንክ ላጫውትሽ። ኖርዌያዊው ሠዓሊ እህቱ ሶፊ በ15 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ገና ልጅ ነበር። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1877 ነው። እናታቸውንም ቀደም ሲል የወሰደቻቸው ይህችው በሽታ ናት። ከዓመታት በኋላ «የታመመችው ልጅ» የሚለውን ሥዕል ሲጀምር አይቶ ለመሳል ፊት ለፊቱ ያስቀመጣት ሌላ ልጅ ነበረች፣ የሚፈልገው ግን ሶፊን ነው። ስለዚህ ይቀባል፣ ይፍቃል፣ እንደገና ይቀባል፣ ጭረቱ ዛሬም ሸራው ላይ ይታያል። በ1886 ለሕዝብ ሲያሳየው ያልተጨረሰ ነው ብለው ተሳለቁበት። እሱ ግን አልተወውም፣ በ40 ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ሳለው።

እስቲ ፈልገሽ በደንብ እዪው። አልጋው አጠገብ ያለችው ሴት አቀርቅራለች፣ ፊቷ አይታይም። እንባ የሚባል ነገር የለም። ሐዘኑ ሁሉ አንገቷ ላይ ነው ያለው። የተያያዙት እጆች ደግሞ ደብዝዘዋል፣ ጣት ከጣት አይለይም፣ እኔን ሁሌም የሚነካኝ እዚያ ጋ ነው።

ፈረንሳዊው ፒየር ቦናርም እንደዚሁ ነበር። በእርሳስ ትንሽ ንድፍ ይይዝና ሥዕሉን በኋላ ከትዝታው ይሠራዋል። ሚስቱ ማርት አርጅታም እሱ ሸራ ላይ ወጣት ናት። በ1942 ከሞተች በኋላ እንኳ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ የተኛችበትን ሥዕል መሥራቱን ቀጠለ። ውሸት ነው የሚል ይኖራል፣ እኔ ግን ፍቅር እንደዚያ ነው የሚያየው ባይ ነኝ።

ፎቶ አትንኪ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ፎቶውን መሳቢያ ውስጥ አስገቢና በከሰል ከራስሽ ሳዪያቸው። ከዓይናቸው አትጀምሪ፣ ከአቀማመጣቸው፣ ከትከሻቸው ጀምሪ። የጠፋብሽ ነገር ካለ ያኔ አውጥተሽ ታዪዋለሽ። ያዘንሽ ስለሆነ ብቻ ደግሞ ሁሉንም ግራጫ አታድርጊው። ለኔ አባዬ ከሰዓት በኋላ በመስኮት የሚገባ ቢጫ ብርሃን ናቸው። ላንቺ ሌላ ቀለም ሊሆኑ ይችላሉ፣ የራስሽን ተጠቀሚ እንጂ የኔን እንዳትወስጂ።

ስትስዪ እንባሽ ከመጣ ይምጣ፣ ብሩሹን አስቀምጠሽ አልቅሺና ተመለሺበት። ፊታቸው እምቢ ካለሽ ጀርባቸውን ሳዪ፣ እኔ በጀርባቸውም አውቃቸዋለሁ። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ግን ጎባጣ ነበረች፣ አንቺ ሳትወለጂ ነው የተሰበረችው፣ ፎቶው ላይ ስለማትታይ ነው የምነግርሽ።

እናትሽ