ተኝታለች አትበሉኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አቡሽ ቁመቱ ትከሻዬ ደርሷል። ሚጣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስትስቅ አንቺን ነው የምትመስለው።

እናንተ ጋ ክረምቱ ከብዷል አሉ። እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል፤ ትኩስ ወጥ የሚያስበላ አይደለም። በጾም ቀን አዚፋ እሠራለሁ። ድፍን ምስሩን ሳይፈርስ ቀቅዬ አጠልለዋለሁ። ሲበርድ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ትንሽ ዘይትና ሰናፍጭ አስገብቼ ፍሪጅ አሳድረዋለሁ። ልጆቹ ከምሳ በፊት በሰላጣ ቅጠል እየጠቀለሉ ይበሉታል። ሰናፍጩ አፍንጫቸው ላይ ሲወጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆዩና ደግሞ ይጨምራሉ። ስንግ ቃሪያ ግን ገና አልደፈሩም።

ፍልሰታ ሊገባ ነው። ቡሄ ሳይደርስ ልሞክረው ብዬ ትናንት ሙልሙል ጋገርኩ። "ወንድ ልጅ ጓዳ ምን አለው" እያልሽ ከማጀት ስታባርሪው ያደገው ልጅሽ ጋገረ። አራት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ለብ ያለ ውሃ፤ ሌላ ነገር የለውም። ማታ አቡክቼ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ሌሊቱን ቀስ እያለ ኩፍ አለ። ጠዋት ቤቱ ሳይግል አድቦልቡዬ፣ አንድ ሰዓት ያህል አሳርፌ፣ ኦቭን ውስጥ በ375 ፋራናይት 25 ደቂቃ አቆየሁት። ገልብጬ ከሥሩ መታ መታ ሳደርገው እንደ ከበሮ አስተጋባ። ጥቁር አዝሙዱ ሲሸት አባዬ ትዝ አለኝ። ለቡሄ ጅራፍ ሲገምድልኝ፣ አንቺ ሙልሙሉን ትኩሱን በነጠላሽ ጫፍ ይዘሽ ስትሰጪኝ።

እማዬ፣ የአባዬን ነገር ላነሳብሽ አልነበረም። ግን ተነሣ።

ሁለት ወር ከአሥር ቀን "ተኝቷል" ስትይኝ ነበር። ጠዋት ስደውል ተኝቷል፤ ማታ ስደውል ተኝቷል። ግቢያችን ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ሁሉ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ እኔ እዚህ ለሱ ሹራብ እየመረጥኩ ነበር። ሹራቡን በሰው ላክሁት። ተቀበልሽው። "ልክክ ብሎለታል" አልሽኝ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የማኅበራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

አውቃለሁ፣ ለኔ ብለሽ ነው። ፈተና ነበረብኝ፣ አገሩንም ገና አልለመድኩትም፣ ዘመድ አዝማዱም "ብቻውን ሆኖ እንዴት ይችለዋል" ብሎ መክሮሻል። ባህላችንም ነው። ግን ስንት ዓመት አልፎ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። አባቴን ከሰው ጋር እኩል አላለቀስኩለትም። ሹራቡ የት እንደደረሰም ጠይቄሽ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ስደውል እህቴ ናት የምታነሳው። "እማዬ ተኝታለች" ትለኛለች። ያቺን ቃል ስሰማ እጄ ይንቀጠቀጣል። ስታናግሪኝም ስልኩ ጣሪያውን ነው የሚያሳየኝ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን "እግሯንስ ተሻላት?" አለችኝ። "የምን እግር?" ስላት ነገሩን አዞረችው። እህቴን ብጠይቃት "ጫማ ልጧት ነው" አለች።

እማዬ፣ እዚህ እንጀራዬ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው። የሰው እናት እግር እያጠብኩ፣ በጣቶቻቸው መሃል ቁስል እየፈለግኩ አድራለሁ። ስኳር ያለበት ሰው እግር ሲደነዝዝ ጠጠር ቢወጋው እንኳ እንደማይሰማው በዓይኔ አያለሁ። ለነሱ የማደርገውን ላንቺ አለማድረጌ ያንገበግበኛል። ለምን ትደብቂኛለሽ?

እስቲ እነዚህን አድርጊልኝ። ጓሮ እንኳ ስትወጪ በባዶ እግርሽ አትውጪ። እግርሽን ማታ ማታ እህቴ ትይልሽ፤ ቁስል ካለ ቅቤ አትቀቡት፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምሺ ቆይተሽ ኢንሱሊን መወጋት ደግሞ አይሆንም፤ ስኳርሽ ወርዶ ብትወድቂስ? ሐኪሙንም ንስሐ አባታችንንም አነጋግሪ። ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያንም አትጨክንም። ብር ካነሰ ንገሩኝ፤ ትርፍ ሰዓት እገባለሁ። ፈቃድም ጠይቄያለሁ፤ ለጥምቀት ነበር ያሰብኩት፣ ግን በዚህ ወር ና ካልሽኝ በዚህ ወር እመጣለሁ። ፈተና የለብኝም። ልጅም አይደለሁም። ብቻ ሰው በሬን እንዲያንኳኳ አልፈልግም።

ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ የላክሁት በስልክ ስልሽ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ ነው። አብረውት ሁለት ሙልሙል አሉ። አንዱ የሚጣ ነው፤ እሷ ናት ያድቦለቦለችው፣ ጠመም ያለው የሷ ነው። ሲደርስ ይደርቅ ይሆናል፤ በእንፋሎት አሙቁት። ቅመሽው እንጂ እንዳትጠግቢው። የስኳር መለኪያ ከነ50 ወረቀቱ አለ። ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጫማም አለ፤ 38 ቁጥር ነው።

እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት እደውላለሁ። ራስሽ አንሺው። ስልኩን ወደ ታች አድርገሽ መጀመሪያ እግርሽን አሳዪኝ፣ ከዚያ ጫማውን አጥልቀሽ ቁሚልኝ። ልክ ነው ብለሽ ብቻ አትንገሪኝ።

ልጅሽ